ምን ቀምሳለች?

በላይነሽ ለኦፕራሲዮን ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተይዞላት፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳይሠራላት ተመልሳለች።

አቃቂ፣ በድሮው ባቡር ጣቢያ በኩል፣ እሷን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከዚያ በፊት አሥራ ስምንት ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ሠርታለች። እዚያ የሠራ ሰው ከማሽኑ በላይ ለመሰማት መጮህ ይለምድና ከወጣም በኋላ ድምፁ አይወርድም። በላይነሽ ግን ገብታ እስክትወጣ ዝምተኛ ነበረች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። አላገባችም። ሊዲያ የምትባል የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ አለቻት፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ የምትኖር፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትሠራ። ልጅቷን የወለደቻት የበላይነሽ ታላቅ እህት ፀሐይቱ ናት። ፀሐይቱ በወሊድ ሞተች፤ አባትየው ድሬዳዋ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ በላይነሽ አሳደገቻት። ይህን ሰፈሩም ያውቃል፣ ሊዲያም ታውቃለች። የፀሐይቱን አሟሟት በሚመለከት ግን ከበላይነሽ በቀር ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ነበር።

የወር አበባዋ መዛባት የጀመረው አምና ነው። መጀመሪያ የዕድሜ ነው ብላ ተወችው። ቀስ በቀስ አሥር ቀን፣ አሥራ አምስት ቀን ይቆይ ጀመር። ዳገት ስትወጣ ልቧ ይደልቃል፤ ብድግ ስትል ዓይኗ ይጨልማል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከስፌት ማሽኑ ስትነሳ የተቀመጠችበት ትራስ በደም ርሶ አየችው። ከሱቋ አጠገብ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡት እትዬ አለሚቱ ሮጠው መጥተው ነጠላቸውን ወገቧ ላይ አሰሩላት።

«እንዲህ ስትሆኚ ስንት ጊዜሽ ነው?» አሏት።

«ቆየሁ፣ እትዬ።»

«ለልጅሽ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም።»

«እንግዲያው እኔ እነግራታለሁ» አሉና ስልካቸውን ከመቀነታቸው አወጡ።

በሳምንቱ ሊዲያ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ዶክተር የሺዋስ የሚባል ለስላሳ ሰው ነበር ያያት። የአልትራሳውንዱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በእስክሪብቶ ጫፍ እያሳያት፣ «ማህፀንዎ ውስጥ ትንሽ ሥጋ በቅላለች» አላት። «ፖሊፕ እንላታለን። ክፉ ነገር አትመስለኝም፤ ግን ወጥታ መመርመር አለባት። ሆድዎ አይቀደድም፣ በታች በኩል ገብተን ነው የምናወጣት። ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው። በዚያው ዕለት ቤትዎ ይገባሉ።»

«ያማታል?» አለች ሊዲያ።

«ምንም አይሰማቸውም። ሙሉ ማደንዘዣ ይወስዳሉ፤ ይተኛሉ።»

መተኛት የሚባል ነገር ለበላይነሽ እንደሌላው ሰው አልነበረም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በጀርባዋ ተኝታ አታውቅም። ግድግዳ ተደግፋ፣ ትራስ ደርባ፣ ቁጭ እንዳለች ነው የምታሸልበው። እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል፣ ዓይኗ ከተከደነ በኋላና ሐሳቧ ከመጥፋቱ በፊት ባለችው በዚያች ትንሽ ጊዜ፣ አንድ ሳል ትሰማለች። ውሃ ያነቀው ሰው የሚስለው ዓይነት ነው። አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ አንዴ። ከዚያ ጸጥ ይላል። ያ ጸጥታ ከሳሉ ይብሳል። ሊዲያ ልጅ ሆና «ለምን ቁጭ ብለሽ ትተኚያለሽ?» ስትላት «ወገቤን ያመኛል» ትላት ነበር።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ቀን አረንጓዴውን ጋወን ለብሳ፣ ፀጉሯን በኮፍያ ሸፍና፣ ተሽከርካሪው አልጋ ላይ ጋደም አለች። የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ሲከፈት ከውስጥ ሰው ሳለ። ምናልባት ከሠራተኞቹ አንዱ ጉንፋን ይዞት ይሆናል። በላይነሽ ግን ከአልጋው ወረደች፣ ጋወኑን አውልቃ በሥርዓት አጠፈችው፣ ልብሷን ለብሳ ሊዲያ ቡና ልትጠጣ በወጣችበት ሰዓት ታክሲ ይዛ ሄደች። ለሁለተኛው ቀጠሮ ሌላ ዘዴ ፈለገች። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ምግብ እንዳትቀምስ ተነግሯት ነበር። ጠዋት ሊዲያ ሳትመጣ ዳቦ በሻይ በላች። ነርሷ «ምን ቀምሰዋል?» ስትላት «ዳቦ በልቻለሁ» አለች፤ መለሷት። ቤት ሲደርሱ ሊዲያ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች።

«እማዬ፣ እንድትሞቺብኝ ነው የምትፈልጊው?»

ለሦስተኛው ቀጠሮ ሁለት ቀን ሲቀር ከሆስፒታሉ ተደወለ። ማደንዘዣ የምትሰጠው ባለሙያ ቀደም ብላ ልታነጋግራት እንደምትፈልግ ነገሯት። በላይነሽ ብቻዋን ሄደች። ባለሙያዋ ሐጀራ ትባላለች፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሻሿን በኮፍያዋ ሥር አጥብቃ ያሰረች፣ ስትናገር የማትቸኩል። የደም ግፊቷን ለካች፣ አፏን አስከፍታ ጉሮሮዋን አየች፣ አንገቷን ቀና ጎንበስ አስደረገቻት። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች።

«ማዘር፣ ባለፈው ለምን በሉ?»

«ራበኝ።»

«አልራበዎትም» አለች ሐጀራ፣ ያለ ቁጣ። «የራበው ሰው ነርስ ስትጠይቀው ይደብቃል። እርስዎ ሳይደብቁ ነው የተናገሩት። እንድንመልስዎ ነው የፈለጉት። ምኑ ነው የሚያስፈራዎ? መርፌው? አለመንቃቱ?»

በላይነሽ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች። ከኮሪደሩ የጋሪ ጎማ ሲንኳኳ ይሰማል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ለንስሐ አባቷ እንኳ ያልተናገረችው ነገር እንዴት ከአፏ እንደወጣ አላወቀችም።

«እህቴን የገደልኳት እኔ ነኝ» አለች።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ፀሐይቱን ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር፤ ልጁ በአግድም ነው የመጣው ተብሎ ከአቃቂ መሀል ከተማ ወደሚገኝ ሆስፒታል ተወሰደች። አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ቆሞ ሲጋራ በሲጋራ ይለኩሳል። እናታቸው የአጃ አጥሚት በፔርሙዝ ሞልታ ለበላይነሽ አስይዛት ነበር፣ ስትወልድ እንድትጠጣ። ነርሷ መጥታ ኦፕራሲዮን መሆኑን ነገረቻቸውና፣ «ከአሁን ጀምሮ ውሃም ቢሆን እንዳትቀምስ» ብላ ወጣች። ፀሐይቱ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር። «በላዬ፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ» አለቻት። በላይነሽ በሩን አየች። ማንም አልነበረም። አንድ ኩባያ ቀዳችላት። ፀሐይቱ ጨልጣ ኩባያውን መልሳ ዘረጋች። ደገመችላት።

ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴ የለበሰ ሰውዬ ወረቀት ይዞ ገባ፤ ነርሷ ከኋላው ቆማለች። ፀሐይቱ ምጡ መጥቶባት ታቃስታለች። ሰውዬው ወደ በላይነሽ ዞሮ፣ «ምን ቀምሳለች?» አላት።

በላይነሽ ነርሷን አየቻት። የምትቆጣት መሰላት።

«ምንም» አለች።

ሰውዬው ጻፈው። እህቷን እየገፉ ወሰዷት። በላይነሽ ፔርሙዙን በነጠላዋ ሸፍና ከበሩ ውጭ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከውስጥ ሳሉን ሰማች። አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ አንዴ። ከዚያ ጸጥ አለ፤ ከዚያ የሚሮጥ ሰው እግር፤ ከዚያ የሕፃን ልቅሶ። ፀሐይቱ ሳትነቃ በዚያው ቀን ማታ ሞተች። አንዱ ሐኪም ለአባታቸው፣ ከሆዷ የወጣ ነገር ወደ ሳንባዋ ገባ ሲል ሰምታለች። በላይነሽ የተረፈውን አጥሚት ቧንቧ ሥር ደፍታ ፔርሙዙን አጠበችው። እናታቸው ግን ባዶውን ፔርሙዝ አይታ በላይነሽ በጭንቀት የደፋችው መስሏት፣ በለቅሶው ሁሉ፣ «ልጄ አጥሚቷን እንኳ ሳትቀምስ ሄደች» እያለች ደረቷን ትመታ ነበር። እስክትሞት ድረስ እንዲሁ ስትል ኖረች። በላይነሽ በእያንዳንዱ ጊዜ አጠገቧ ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

ሐጀራ እስክትጨርስ አላቋረጠቻትም።

«እርስዎ አልገደሏትም ብዬ ልሸኝዎ እችላለሁ» አለች በመጨረሻ። «ግን ውሸት እንዳይሆንብኝ፣ የማውቀውን ልንገርዎ። ምጥ ላይ ያለች ሴት የበላችው ነገር ከሆዷ ቶሎ አይወርድም። ትናንት የበላችው ራሱ ሊኖር ይችላል። እኛ ምጥ ላይ ያለችን ሴት ጾሜን ነኝ ብትልም ሆዷ ሙሉ ነው ብለን ነው የምንነሳው፤ እንደዚያ ነው የምንጠነቀቀው። ሰውዬው የእርስዎን አንድ ቃል ብቻ ይዞ ገብቶ ከሆነ ከዚያ በላይ መጠንቀቅ ነበረበት። ይህ አንድ ነው።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው፣ አጥሚቱ ይሁን አይሁን አላውቅም። ማንም ሊያውቅ አይችልም። እውነቱን ቢናገሩ ትተርፍ ነበር ወይ ካሉኝም አላውቅም። ይህን ላቀልልዎ አልችልም።»

የሚገርመው፣ በላይነሽን ትንሽ ያስተነፈሳት ይህ «አላውቅም» የሚለው ነው። «አይዞሽ» ቢሏት አታምንም ነበር።

«አሁን የእርስዎን ልንገርዎ» አለች ሐጀራ። «ክንድዎ ላይ ቀጭን መርፌ አስገባለሁ። ያቺ ትቆነጥጣለች። መድኃኒቱ ሲገባ ክንድዎ ሞቅ ይላል። አፍና አፍንጫዎ ላይ ጭምብል አደርጋለሁ፤ ላስቲክ ላስቲክ ይሸትዎታል። ከዚያ እስኪነቁ ድረስ ከራስጌዎ አልነሳም። እኔ ሌላ ሥራ የለኝም፤ ትንፋሽዎን መጠበቅ ነው ሥራዬ። ሲነቁ ጉሮሮዎ ሊከረክር ይችላል።»

«እዚያ ውስጥ… ሕልም አለ?»

«አብዛኛው ሰው ምንም አላየሁም ነው የሚለኝ።»

«እሷ የምትጠብቀኝ ይመስለኛል» አለች በላይነሽ። «ስተኛ ልትጠይቀኝ።»

ሐጀራ መዳፏን ያዘቻት። የበላይነሽ እጅ በክርና በመርፌ የጠነከረ ነው፤ ያን ቀን ግን እንደ ሕፃን እጅ ላብ አጥምቆት ነበር።

ከዚያ ወጥታ ቤቷ ስትሄድ አንድ ነገር ይመላለስባት ጀመር። ባልነቃስ? ብሞት ነገሩ ከኔ ጋር ይቀበራል። ሊዲያ እናቷን ምን እንዳገኛት ሳታውቅ፣ እኔን እያለቀሰች ትቀብረኛለች። ይህ ከሞቱ ይልቅ አስፈራት።

በቀጠሮው ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ሊዲያ የጋወኑን ቀበቶ ከኋላ እያሰረችላት፣ «ዛሬ ዳቦ የለም አይደል?» ብላ ፈገግ አለች።

«ሊዱ፣ ልንገርሽ የሚገባ ነገር አለ።»

ነገረቻት። ፔርሙዙን፣ ሁለቱን ኩባያ፣ ሰውዬው የጠየቃትን፣ እሷ የመለሰችውን። ስትናገር ፊት ለፊቷ ካለው ግድግዳ ዓይኗን አላነሳችም። የሊዲያ እጅ ከጀርባዋ ላይ መቼ እንደተነሳ አላወቀችም። ዞር ስትል ልጅቷ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ለምን አሁን?» አለች ሊዲያ። «ልትገቢ ስትይ፣ ለምን አሁን ትነግሪኛለሽ?»

«ብሞት…»

«በቃ፣ ተዪ።»

ቦርሳዋን አንስታ ኮሪደሩን ይዛ ሄደች፤ ደረጃው ጋ ስትደርስ ታጠፈች። በላይነሽ ልጅቷ እስክትመለስ ጠበቀች። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲል ስሟን ጠርተው ተሽከርካሪው አልጋ ላይ አስተኟት። ሊዲያ አልተመለሰችም። ከአልጋው ወርዶ ማምለጥ እንደገና ሽው አለባት፤ ግን ወዴት? ከእንግዲህ የምትሸሸግበት ቤት አልነበራትም።

በሩ ሲከፈት ብርዱ ተቀበላት። ትልቁ መብራት ከላይዋ ነበር። ሐጀራ ከራስጌዋ ጎንበስ ብላ፣ «መጣሁ፣ አለሁ» አለቻት። «ምን ቀምሰዋል?»

የያኔው ጥያቄ ነበር። ሐጀራም ይህን ታውቃለች፤ ግን መጠየቅ ነበረባት።

«ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሽሮ በላሁ። ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ጉንጭ ውሃ። ሌላ የለም።»

«ጥሩ። አመንኩዎ።»

መርፌዋ ቆነጠጠች። ክንዷ ሞቀ። በላይነሽ ዓይኗን ጨፍና ሳሉን ጠበቀች። እህቷን ለመገናኘት ተዘጋጅታ ነበር፤ የምትላትንም አሰናድታለች።

ከዚያ አንድ ሰው ስሟን ጠራት። ጣሪያው ሌላ ነበር። ጉሮሮዋ ይከረክራል፤ ሆዷ ሥር እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ነገር ይሰማታል። «አለቀ፣ በሰላም አለቀ» ይላታል የሐጀራ ድምፅ። በላይነሽ እያለቀሰች ነቃች።

«አልመጣችም» አለች።

«ማን? ልጅዎ?»

«ፀሐይቱ። ምንም የለም እዚያ። ባዶ ነው።»

ሃያ ሰባት ዓመት እንዳትመጣባት ስትፈራ ኖራ፣ አለመምጣቷ እንዲህ ያስለቅሳታል ብላ አላሰበችም። ሐጀራ ፊቷን በጨርቅ ጠረገችላት እንጂ ልታስረዳት አልሞከረችም።

ስትወጣ ሊዲያ አግዳሚው ላይ ነበረች። ዓይኗ አብጧል። የመድኃኒቱን ወረቀት ተቀበለች፣ ራይድ ታክሲ ጠራች፣ ደግፋ አስገባቻት፣ ቤት አድርሳ አስተኛቻት፣ ሾርባ ሠርታ አጠጣቻት። በዚህ ሁሉ ከ«ቀስ በይ» በቀር ያለችው ነገር የለም። ማታ ወደ ቱሉ ዲምቱ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አልመጣችም። በየቀኑ አንድ መልእክት ትልካለች፤ «መድኃኒቱን ወሰድሽ?» የሚል። በላይነሽም «ወስጃለሁ» ብላ ትመልሳለች። እትዬ አለሚቱ ምሳ እያመጡ፣ «ምነው ልጅቷ ጠፋች?» ሲሉ፣ «እኔ አስቀይሜያት ነው» ትላለች። ደሙ ቆመ። ጉልበቷ ተመለሰ። ሳሉ ግን አልተዋትም። እንዲያውም በቀን ብርሃን፣ ማሽኑ ላይ ሆና ክር ስታስገባ ይመጣባት ጀመር። ከሰው ጋር እያወራች ድንገት ዝም ትላለች፤ ያ ጸጥታ እስኪያልፍ ትጠብቃለች።

በአራተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሊዲያ በሩን ከፍታ ገባች። የምርመራውን ውጤት ከሆስፒታል ተቀብላ ይዛ ነበር።

«ንጹሕ ነው» አለች ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ። «ካንሰር የለም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀመጪ።»

ሊዲያ አልተቀመጠችም። «ይቅር በይኝ እንዳትይኝ» አለች። «ብዙ አስቤበታለሁ። ይቅር ማለት የሷ ነው እንጂ የኔ አይደለም፤ እሷ ደግሞ የለችም። ስለዚህ አትጠይቂኝ።»

«አልጠይቅሽም።»

«ስናደድብሽ ሰነበትኩ። አሁንም አልወጣልኝም። አንዳንዴ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ እንደነበር አስባለሁ። ቢሯችን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ተለማማጅ አለች። ፎቶ ኮፒ ስታበላሽ ወረቀቱን ትደብቃለች።» ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ጠጥታ ስትጨርስ ምን አለችሽ?»

በላይነሽ ይህን አልጠበቀችም። ስለ ሳሉ፣ ስለ ቃሉ፣ ስለ ፔርሙዙ ሺህ ጊዜ አስባለች። ፀሐይቱ ከሁለተኛው ኩባያ በኋላ የተናገረችው ነገር መኖሩን ግን ረስታው ነበር። ዓይኗን ጨፈነች።

«ስኳሩን ረሳችው፣ አለችኝ። እማን ማለቷ ነው። ‹እማ ስኳር የሚገዛላት ባል አጥታ ነው?› ብላ ሳቀች። ከዚያ ምጡ መጣባት።»

ሊዲያ ቀስ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ትስቅ ነበር?»

«ፀሐይቱ? ለቅሶ ቤት እንኳ ታስቃለች። አባባ በባቡሩ ሐዲድ ላይ እንዳትሄድ ሲከለክላት፣ የሱን ኮፍያ አድርጋ በሐዲዱ ላይ እየተራመደች የሱን አነጋገር ታስመስል ነበር። እሱ ራሱ ተደብቆ ያያት ነበር።»

«ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም» አለች ሊዲያ። «አያቴ ታለቅስ ነበር፣ አንቺ ዝም ትያለሽ። አንድም ቀን ስለሷ ጠይቄ አላውቅም፤ ጥያቄው ሰው የሚያሳምም መስሎኝ።»

«ያሳምማል» አለች በላይነሽ።

«እኔንም ያመኛል። ንገሪኝ ግን።»

ሊዲያ ተነስታ መጋረጃውን ከፈተች፤ በላይነሽ ከባድ ነገር እንዳታነሳ ሐኪሙ ስለከለከላት፣ ጥግ ላይ የተከመረውን ልብስ ሳፋ ውስጥ ጨመረችና ወደ ውጭው ቧንቧ ወጣች። በላይነሽም ወንበር ይዛ ተከተለቻት። ልጅቷ እያጠበች፣ እሷ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ስለ ፀሐይቱ ማውራት ጀመረች፤ ከልጅነቷ፣ ጥርሷ ከተሰበረበት ቀን ተነስታ።